እንግዳና ቤተኛ

(በቢሾፍቱ በሆራ ሐይቅ ዳር ለእንግዶች ተማሪዎችና ለአስተናጋጅ ቤተሰቦች በተደረገው የሽኝት ሽርሽር ላይ በማኅበራችን ስም የተነገረ)



ይህ ንግግር በየትኛው ቋንቋ ይደረግ የሚለው ጉዳይ ኮሚቴያችንን አንድ ሙሉ ስብሰባ አከራክሮታል። የሚሸኙት እንግዶች ናቸውና በእንግሊዝኛ ይሁን ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ ግን በአማርኛ ይሁን ተባለ፤ ይህም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ እንግዶቻችን ከጥር ወር ጀምሮ በየቤታችሁ ስለ ኖሩ፣ ቋንቋችንን ሁሉን ባይሆን እንኳ ምርቃትን ከቁጣ ለይተው እስከሚያውቁ ድረስ ለምደውታል። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን፣ ስለ እነዚህ እንግዶች የተደረጉት ስብሰባዎች ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለ ነበሩ፣ አምስት ወር ሙሉ ያበሏቸው፣ ሲታመሙ ያስታመሟቸውና ሲያመሹ በር ላይ ቆመው የጠበቋቸው እናቶች ስለ ራሳቸው የተባለውን አንድም ቀን ሳይሰሙ መቅረታቸው ነው። ዛሬ እነሱ ይስሙ። ያልገባቸው እንግዶች ደግሞ በተራቸው አጠገባቸው የተቀመጠውን ይጠይቁ።

ለሽኝቱ ቢሾፍቱን የመረጥነው ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ይህን የመሰለ ሐይቅ የሚገኝበት ሌላ ስፍራ ስለማናውቅ ነው። ይህ ሆራ፣ እንደ ባቦጋያና እንደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ሁሉ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ ዳሩ ቁልቁለት የሆነውም ስለዚህ ነውና ሕፃናቱን አደራ ጠብቁ። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ የኦሮሞ ሕዝብ ኢሬቻን የሚያከብርበት ዳርቻም ይኸው ነው። ከኪሱሙ የመጣችው እኅታችን ግን የቪክቶሪያ ሐይቅ ልጅ ናትና፣ ከአውቶቡስ እንደ ወረደች አሻግራ አይታ «ማዶው የሚታይ ሐይቅ አለ እንዴ?» ብላ ስቃብናለች። ስለ ዓባይ ወንድማማችነት ያዘጋጀነው አንድ አንቀጽ ነበር፤ ነጭ ዓባይ ከእነሱ፣ ጥቁር ዓባይ ከእኛ ወጥተው ካርቱም ላይ ይገናኛሉ የሚለውን ማለታችን ነው፤ ይህ ግን በየስብሰባው ስለሚነገር ዛሬ ዘለነዋል።

እነዚህ 12 ወጣቶች ከኬንያ፣ ከዑጋንዳና ከታንዛኒያ መጥተው፣ የአንድ መንፈቅ ዓመት ትምህርታቸውን ከእኛ ጋር ተከታትለው፣ በሚመጣው ማክሰኞ ወደየአገራቸው ይመለሳሉ። ነገር ግን ከዚያ አገር ወደዚህ ለትምህርት ሲመጡ የመጀመሪያዎቹ እንዳይመስሏችሁ። በሚያዝያ ወር 1950 ዓ.ም. (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው) የአፍሪካ ነጻ መንግሥታት በአክራ ከተማ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ የተገኙት አገሮች ስምንት ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያም በዚያን ጊዜ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ወዲያውም ከኬንያ፣ ከዑጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይመጡ ጀመር። ኮሌጁ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ስለ ነበር፣ እንግዳ ተቀባዩ ራሱ ገና ልጅ ነበር ማለት ይቻላል።

እንግዶቹ የመጡባቸው አገሮች ደግሞ አብዛኞቹ በቅኝ ግዛት ሥር ነበሩ። ታንጋኒካ በ1954፣ ዑጋንዳ በ1955፣ ኬንያ በ1956 ዓ.ም. ነው ነጻ የወጡት። እንግዲህ ነጻ ካልወጣ አገር ወደ ነጻ አገር የመጣ፣ በነጻ የሚማርና የሚበላ እንግዳ፣ አመስግኖ ዝም ይላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። እነሱ ግን ዝም አላሉም። በየአገራቸው የነጻነትን ትግል እያዩ ያደጉ ነበሩና፣ አስተናጋጆቻቸው የሆኑት ተማሪዎች ስለ አገራቸው ፖለቲካ የማይነጋገሩ፣ ስለ ቀረው አፍሪካም እምብዛም የማይጨነቁ ሆነው ባገኟቸው ጊዜ ይህንኑ ፊት ለፊት ነገሯቸው። ቅር የተሰኘ አልጠፋም፤ የበላበትን ቤት የሚተች እንግዳ ማን ይወዳል? ዳሩ ግን የተማሪዎችን ንቅናቄ ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት፣ የእነዚያ እንግዶች መምጣት የኢትዮጵያን ተማሪ ዐይን ከከፈቱት ነገሮች አንዱ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። ለ200 ሰው የተሰጠው ትምህርት እንግዶቹን ብቻ ሳይሆን ባለቤቶቹንም አስተምሯል ማለት ነው።

በዚያ ዘመን እዚህ ከተማሩት አንዱ የኪሱሙ አገር ሰው የሆነው ሮበርት ኡኮ ነበር። አገሩ ተመልሶ በመንግሥት ሥራ ተሰማርቶ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሰ፤ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በግፍ ተገደለ። የኪሱሙዋ እኅታችን ወደዚህ ለመምጣት በተነሣች ጊዜ አያቷ «ኡኮ የተማረበት አገር ነው» ብለው መርቀው እንደ ሸኟት ነግራናለች። ከእኛ ተማሪዎች መካከል ግን ስሙን የሚያውቅ ለማግኘት ብዙ ጠይቃለች። ለዚህ ነው ዛሬ በዚህ ሽርሽር ላይ፣ ጠላው ሳይቀዳ፣ ስሙን ማንሣት የፈለግነው።

የእነዚያ የመጀመሪያ እንግዶች ማደሪያ ከተማሪዎች ጋር በኮሌጁ ውስጥ ነበር። ከተማው የሚያያቸው ሲያልፉ ሲያገድሙ ነው። የዘንድሮዎቹ ግን ጉለሌ፣ ልደታ፣ ኮልፌና ሽሮ ሜዳ በየቤቱ ገብተው ኖሩ። ልዩነቱ ምን እንደ ሆነ በሐሳብ ከምናብራራ የሆነውን ብንናገር ይሻላል።

የጉለሌዋ እናታችን፣ ስማቸውን አንጠራም፣ እሳቸው ግን ይኸው ከአሁኑ መሳቅ ጀምረዋል፣ ከካምፓላ የመጣውን ወንድማችንን ተቀበሉ። በሰፈራቸው ውኃ በፈረቃ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ሌሊት ከስምንት ሰዓት በኋላ ይመጣል። እናታችን እንግዳዬ አይጉደልበት ብለው በዚያ ሌሊት እየተነሡ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ቧንቧው ሥር ተቀምጠው ጀሪካን ሲሞሉ ያነጋሉ። እሱ ጠዋት ሲነሣ በርሜሉ ሙሉ ነው። በልቡም «አዲስ አበባ ውኃ የተትረፈረፈባት ከተማ ናት» እያለ በየማለዳው ገላውን እንደ ልቡ ይታጠባል። ለቤተሰቦቹም እንዲሁ ብሎ ጽፏል አሉ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ለፈተና ሲያጠና ያመሸ ጊዜ በግቢው ውስጥ ኮሽታ ሰማ፤ ሌባ መስሎት ዱላ ይዞ ቢወጣ ያገኘው እሳቸውን ከነጀሪካናቸው ነው።

ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል የተደረገው ክርክር በሰፈሩ የታወቀ ነው። እሱ «በካምፓላም ውኃ ይጠፋል፤ እኔም እቤቴ እቀዳለሁ፤ እኔ ልሸከም» ይላል። እሳቸው «እንግዳ ውኃ ሲቀዳ ጎረቤት ምን ይለኛል?» ይላሉ። ሦስት ሳምንት ያህል እንዲህ ከቆዩ በኋላ አንድ ሌሊት ወገባቸውን አሟቸው ሳይነሡ ቀሩ፤ እሱ ግን ተነሥቶ ሞልቶ አደረ። በማግሥቱ ጠዋት ምርቃት ይጠብቅ ነበር። እናታችን ወደ ክፍሉ ገብተው «አልጋህን ሳታነጥፍ ነው እንዴ የምትወጣው? ይህ ሆቴል መሰለህ?» ብለው ተቆጡት። ያን ዕለት መጥቶ ይህን ሲነግረን ደስታው ልክ አልነበረውም። ልጃቸውን ሲቆጡ በሰማበት ድምፅ ተቆጥተውታልና። ከእንግድነት ወጥቶ ቤተኛ የሆነው በዚያ ጠዋት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ በማክበር እንመካለን፤ ደግሞም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ክብሩ አንዳንድ ጊዜ እንደ መጋረጃ ይሆናል። ለእንግዳ የሚቀርበው የተሻለው አልጋ፣ የተሻለው ሥጋ፣ የሞላው በርሜል ነው፤ ኑሯችን ያለው ግን ከመጋረጃው በስተኋላ ነው። እንግዳው በአምስተኛው ወር «ሕዝቡ ደግ ነው፤ ምግቡ ቅመም ይበዛዋል» የሚል ወሬ ብቻ ይዞ እንዲመለስ ካልተፈለገ፣ ጀሪካኑን ማየት አለበት፤ መሸከምም አለበት።

የልደታው ቤት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የኪሱሙዋ እኅታችን የአገሯ ምግብ ኡጋሊ ናፍቋት፣ የበቆሎ ዱቄት በፈላ ውኃ ላይ እየተነሰነሰ እስኪጠነክር ይማሰላል ብላ በምልክትም በቃልም ለእናቲቱ አስረዳች። እናቲቱም «ገንፎ ነዋ! ምን ችግር አለው?» ብለው፣ አማስለው፣ መካከሉን ጎድጉደው፣ ቅቤውን በበርበሬ አፍስሰው አቀረቡላት። የገንፎና የቅቤ ሽታ ደግሞ በእኛ ሰፈር ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ጥቂት ሳይቆይ ጎረቤቶች አንድ ሁለት እያሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያሉ ገቡ። የወለደችው ማን ናት? የምትጠየቀው አራስ የት አለች? በቤቱ ውስጥ ነፍሰ ጡር አልነበረችምና ነገሩን ለማስረዳት እስከ ማታ ፈጀ። እኅታችን ግን ኡጋሊ ያለ ቅቤ ከጎመንና ከዓሣ ጋር እንደሚበላ ካስረዳች በኋላ፣ ያ ቤት በየሳምንቱ እሑድ ማታ ገንፎ በጎመን ይበላል። ልጆቹ ለምደውታል፤ አባትየው ገና ናቸው።

ስለ ምግብ ካነሣን፣ የዛሬው ማዕድ ሁለት ዓይነት ሥጋ እንደ ቀረበበት አይታችኋል። ከዛንዚባር የመጣው ወንድማችን ሙስሊም ነው፤ የኮልፌዎቹ አስተናጋጆቹም እንደዚሁ። በእኛ አገር ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አለመብላቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ከኬንያ የመጡት ክርስቲያኖች በዚህ ተደንቀው፣ እነሱ አገራቸው የሙስሊም ሥጋ ቤት ሥጋ ሳይጠይቁ እንደሚበሉ ነግረውናል። በክርክር አንፈታውም። ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ ሆኗል። በመካከል ያለው ትልቁ ትሪ ግን ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመንና አዚፋ ነው፤ ጾም ባይሆንም ያን ያዘጋጀነው የሁሉም እጅ የሚገናኝበት እሱ ስለ ሆነ ነው። እባካችሁ ከእሱ ጀምሩ።

እንግዶቹ ካስተማሩን ነገሮች አንዳንዶቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ቢሆንም እንናገራቸው። የስዋሂሊ ሰዓት እንደ እኛው ከንጋት ይቆጠራል። እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት የምንለውን እነሱም «ሳ ሞጃ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም አንድ ሰዓት ነው። ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ በስድስት ሰዓት ልዩነት ቀጠሮ ሲያሳልፍ እነዚህ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ስኳርን ሱካሪ፣ ምስኪንን ማስኪኒ፣ አደብን አዳቡ ይላሉ፤ ቃላቱ ከዐረብኛ ወደ ሁለታችንም የገቡ ናቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ በከተማችን መንገድ ላይ ዛሬም የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከአፍሪካ ነው የመጣኸው?» የሚል። የካምፓላው ወንድማችን ይህን ለጠየቀው የታክሲ ረዳት በአማርኛ «አዎ፤ ይህ ታክሲ ከየት ነው የተነሣው?» ብሎ መለሰለት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ ረዳቱም ሒሳብ አልቀበልም አለ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚያችው ከተማ ነው። ጉባኤው በከተማው አለ፤ ጥያቄው ግን ከታክሲው አልወረደም።

አሁን መምህራኖቻችን በመካከላችን ስላሉ ሽርሽር ላይ ሊነሣ የማይገባውን ነገር እናነሣለን። በሌላ ቀን ብናነሣው አስተናጋጆቹን በአንድ ላይ አናገኛቸውም።

ለሚመጣው ዓመት እንግዶች በቤተሰብ ዘንድ መኖራቸው ቀርቶ በተማሪዎች ማደሪያ ይሁኑ የሚል ሐሳብ እንዳለ ሰምተናል። የቀረበው ምክንያት የወጪ ጉዳይና የቁጥጥር ምቾት ነው። ቁጥጥሩን በተመለከተ፣ ከጉለሌዋ እናታችን የበለጠ የሚቆጣጠር የማደሪያ ኃላፊ ካለ ቢያሳዩን ደስ ይለናል። ወጪውን በተመለከተ ግን ነገሩ እውነት አለበት። ለአስተናጋጅ ቤተሰብ የተመደበው ድጎማ የጤፍና የዘይት ዋጋ ከመናሩ በፊት የተወሰነ ነው፤ እሱም ቢሆን የሦስተኛው ወር በአምስተኛው ወር የደረሳቸው ቤቶች አሉ። ቤተሰቦቹ ይህን ለማንም አልተናገሩም። በእኛ ባህል እንግዳ የበላውን መቁጠር ነውር ነውና። እኛ ግን ተማሪዎች ነን፤ ደግሞም ከየቤታችሁ በዓል በመጣ ቁጥር የበላን ነን፤ ስለዚህ በእናንተ ፋንታ ቆጥረን እንናገራለን። ድጎማው በየወሩ መጀመሪያ ይከፈል፤ በየመንፈቁም ከገበያው ዋጋ ጋር ይታይ። ይህን ማድረግ እንግዶቹን ከየቤቱ ከማውጣት ይቀላል።

ማኅበራችንም ጠይቆ ብቻ አይቀመጥም። እንግዳ በተቀበለ ቤት ውስጥ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቅ ልጅ ካለ፣ አባሎቻችን በየሳምንቱ ቅዳሜ እየመጡ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠኑታል። እስካሁን 9 አባሎች ስማቸውን ሰጥተዋል። የምህንድስና ተማሪዎች ግን አንድም አልተመዘገባችሁምና ዛሬ ከምግቡ በፊት እንጠብቃችኋለን።

ሌላው ጉዳይ ይህ ነው። ነገሩ የተማሪዎች ልውውጥ ይባላል። ልውውጥ ማለት ሰጥቶ መቀበል ከሆነ፣ ዘንድሮ 12 ልጆች ወደ እኛ ሲመጡ ከእኛ ወደ እነሱ የሄደ አንድም የለም። እንግዶቹ ይህን ሲጠይቁን የምንመልሰው አጥተናል። የአውሮፕላን ዋጋ ውድ ነው ቢባል፣ በሞያሌ በኩል እስከ ናይሮቢ የሚያደርስ የአስፋልት መንገድ አለ፤ ተማሪ ደግሞ በአውቶቡስ ሁለትና ሦስት ቀን መንገድ ቢሄድ አይሞትም። የኪሱሙ፣ የካምፓላና የዛንዚባር ቤተሰቦች በልጆቻቸው በኩል «ይምጡ፤ ቤት አለ» ብለው ልከዋል። የልደታዋ እናታችንም ሴት ልጃቸውን ለመላክ ፈቅደዋል። ይህን የፈቀዱት ኪሱሙን ስላወቁ ሳይሆን የኪሱሙን ልጅ ስላወቁ ነው። እናት ፈቅዳ መዝገብ ቤት ቢከለክል አያምርም። መምህራኖቻችን ይህን በሚመጣው ስብሰባችሁ እንድታነሡልን በአክብሮት እንለምናለን።

በመጨረሻ ስለ ጋዜጣችን። ለሚመጣው ዕትም እንግዶቻችን በዚህ አገር ያልወደዱትን ነገር በአንድ ገጽ እንዲጽፉልን ወረቀት ሰጥተናቸው ነበር። 12ቱም «ሁሉ ነገር መልካም ነበር» ብለው ጽፈው መለሱልን፤ ስለዚህ ወረቀቱን ለባለቤቶቹ መልሰን ሰጥተናል። የ1950ዎቹ እንግዶች እንዲህ ያለ ነገር ጽፈው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚያነሣቸው ባልኖረ ነበር። እስከ ሰኞ ማታ ጊዜ አላችሁ፤ ያልታረመውን፣ እውነተኛውን እንፈልጋለን። ስሙ እንዳይወጣ የሚፈልግ ስሙን አይጻፍ።

ለቤተሰቦችም እንዲሁ አንድ አንድ ገጽ ተይዟል። ስለ እንግዳችሁ ቅር ያላችሁን፣ ያሳቃችሁን፣ ለሚመጣው ዓመት አስተናጋጅ ሊታወቅ ይገባል የምትሉትን ተናገሩ። መጻፍ የማይመቻቸው እናቶች ካሉ፣ ሁለት አባሎቻችን እዚያ ዋርካ ሥር ብዕርና ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል፤ የምትሉትን ቃል በቃል ይጽፋሉ፤ አያሳምሩትም። የእንግዶቹንና የየቤተሰቡን አድራሻ የያዘው ዝርዝርም እነሱው ዘንድ ነው፤ ሁሉም አንዳንድ ቅጂ ይውሰድ። አውቶቡሱ በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል።